የኡቻን ሳንቃ

እኔ ደመቀች ፍሬሰንበት፣ በጋምቤላ ከተማ ከአሮጌው ወደብ በላይ ባለው ቤቴ፣ በአልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ዛሬ መጋቢት 3 ቀን 1987 ዓ.ም. የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። እግሬና ወገቤ ከድተውኛል፤ አእምሮዬ ግን አልከዳኝም። የምናገረውን አውቃለሁ። ያስገደደኝ የለም፤ ያባበለኝም የለም።

ቃሌን የሚጽፈው በፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ እየጻፈ የሚኖረው አቶ መልአኩ ነው። መጻፍ እኔም እችላለሁ፤ ነገር ግን እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ፊደል የቆጠርኩትም ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ፍጥነት የለኝም። ጽፎ ሲጨርስ ለምስክሮቹ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ተቀብዬ እኔ ራሴ አነበዋለሁ። ይህን የምለው አቶ መልአኩን ስለማላምን አይደለም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጉምሩክ ጸሐፊ ነበር። ወንድሜ ከጎሬ የሚልክልኝን ደብዳቤ እያነበበ ደስ ያለውን ብቻ ይነግረኝ ነበር። የእናቴን ሞት የሰማሁት ሙት ዓመቷ ካለፈ በኋላ ነው። ደብዳቤው ግን በጊዜው መጥቶ፣ በጊዜው ተነቦልኝ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ በዚህ ክፍል የሚባለው ሁሉ፣ የእኔም የሌላውም ቃል፣ ሳይቀነስ እንዲጻፍ አዝዣለሁ። አቶ መልአኩ የሰው ንግግር በኑዛዜ ውስጥ አይገባም ብሎኛል። በእኔ ኑዛዜ ይገባል ብዬዋለሁ።

ምስክሮቼ አራት ናቸው። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር ፑዎክ፣ አጠገቤ ሱቅ ያለው አቶ ነጂብ፣ ከታመምኩ ወዲህ ውኃ የምታመጣልኝ ጎረቤቴ ኛኳች፣ አራተኛዋም አባንግ ናት። አባንግ በእኔ ማንደጃ ላይ ለብዙ ዓመት አብራኝ ሰም አቅልጣለች። ከካቻምና ጀምሮ ግን ደጄን አልረገጠችም። ዛሬ የመጣችው መምህር ፑዎክ ስለለመናት ነው፤ የሚሞት ሰው ምስክር ሲፈልግ እምቢ አይባልም። በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ወደ እኔ አታይም። ልጄ ቤርሳቤም ከራስጌዬ አለች፤ እሷ ወራሽ ናት እንጂ ምስክር አይደለችም።

መጀመሪያ ስለ ቀብሬ። ለተዝካር ብላችሁ በሬ አትጣሉ። ሲቸግረኝ ያልጠየቀኝ ሰው ስሞት መጥቶ እንዲበላ አልፈልግም። ከአልጋዬ ሥር በጆንያ ያለው ንጹሕ ሰም ለደብሩ ይሰጥ፤ ጧፍ ይሁን። ቀለም የነካው ሰም ግን አይሰጥ፤ ሲነድ ያጨሳል፣ ካህናቱም በሞትኩበት ይረግሙኛል።

የገንዘብ ዕዳ የለብኝም። አለብኝ የሚል ቢመጣ ይዋሻል።

ቤቱን፣ ከነግቢውና ከነማንጎው ዛፍ፣ ለልጄ ለቤርሳቤ አውርሻለሁ። ቤርሳቤ በአዲሱ ክልል መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ባልደረቦቿ ሲመጡ የሰሙን ሽታ ለማስወጣት መስኮት ትከፍታለች፣ እናቴ ጧፍ ትሠራለች ትላቸዋለች። ሰምቻታለሁ። ይህን የማነሣው ልከሳት አይደለም። እኔም ለእሷ ደግ እናት አልነበርኩም። በልጅነቷ ወባ ይዟት ስትንቀጠቀጥ እኔ ሰሙ እንዳያር ማንደጃው ላይ ነበርኩ። በእርጥብ ጨርቅ ሌሊቱን ሙሉ ግንባሯን ስታቀዘቅዝ ያደረችው አባንግ ናት። ይህን ስናገር ቤርሳቤ፣ «አስታውሳለሁ፤ እጇ ሙጫ ሙጫ ይሸት ነበር» አለች። አባንግ በዚህም ቀና አላለችም።

አሁን ስለ ሥራዬ። ይህን ወረቀት የሚያነብ ዳኛ ሥራውን ላያውቅ ስለሚችል ላስረዳ። ሰም ይቀልጣል። በድንጋይ የተፈጨ ቀለም ይገባበታል። ትኩስ እንዳለ በሳንቃ ላይ ይቀባል፤ ወዲያው ይረጋል። ከዚያ ከሰል የተሞላ የጋለ ካውያ፣ ሳይነካው፣ ቀረብ ተደርጎ ያልፍበታል፤ አዲሱ ሽፋን ከሥረኛው ጋር የሚዋሐደው ያን ጊዜ ነው። እንዲህ የተሠራ ሥዕል ውኃ አይገባውም፣ ምስጥ አይበላውም። ጠላቱ ሙቀት ብቻ ነው፤ የጋምቤላን መጋቢት ደግሞ እዚህ ያለን ሁሉ እናውቀዋለን።

ሥራውን ያየሁት በአንድ ግሪክ ነጋዴ ቤት ነው። መርከቦቹ ከካርቱም በሚመላለሱበት ዘመን አጎቴ ከጎሬ ቡና ጭኖ ሲወርድ ይዞኝ መጣ፤ በቅሎዎቹን ይዞ ሲመለስ እኔን ከነጋዴው ቤት አገልጋይ አድርጎ ተወኝ። የነጋዴው ሚስት በሰም ቅዱሳንን ትሥል ነበር። እሳቱን የማነድደው፣ ቀለሙን የምፈጨው፣ ጣሳውን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ብሩሽ ግን አንድ ቀን አስይዛኝ አታውቅም። አንድ ጊዜ ስነካው እጄን በካውያው እጀታ መታችኝ። አገር ለቀው ሲሄዱ ያንን ካውያ ሳልጠይቅ ወሰድኩት። በእሱ ብዙ ሠርቻለሁ። እንደ እሷ አልሆንም ብዬም ምዬ ነበር።

ይህ የሚቀጥለው ቃል በደንብ ይጻፍልኝ። የሰም ሥዕል በዚህ አገር ሙቀት እንዲጸና ያደረገው የእኔ ብልሃት ነው እያልኩ ኖሬያለሁ፤ ሐሰት ነው። ግሪኳ ከሰሙ ጋር የምትቀላቅለው ሙጫ ከውጭ አገር በቆርቆሮ ይመጣላት ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ ሥዕሎቼ በየበጋው ያልቡ ነበር፤ የመላእክቱ አፍንጫ አገጫቸው ላይ ይወርድ ነበር። አንድ ቀን አባንግ፣ ያን ጊዜ ዓሣ ልትሸጥልኝ የመጣች ወጣት ሴት፣ የሚንጠባጠበውን መልአክ አይታ ሳቀች። በማግሥቱ በቅጠል የተጠቀለለ ሙጫ ከጫካ አመጣችልኝ። ዘመዶቿ የጦር ብረት ከእንጨቱ ጋር የሚያጣብቁበት ነው፤ በውኃ አይሟሟም፣ በእሳት ብቻ ይቀልጣል። ሰባት እጅ ሰም፣ አንድ እጅ ሙጫ። ከዚያ ቀን ወዲህ የአባንግ ሙጫ የገባበት ሥዕል ቀልጦብኝ አያውቅም።

ብሩሽ አስያዝኳት። ይህን አድርጌያለሁ፤ የሠራሁት ክፉ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ በሥዕሉ ሁሉ ላይ በምስማር የምጭረው የራሴን ስም ብቻ ነበር፤ ፊቶቹን የሠራችው እሷ በሆነችበትም ላይ። መምህር ፑዎክ አንድ ጊዜ፣ «እማማ፣ የአባንግስ ስም እንዴት እንደሚጻፍ ላሳይሽ?» ብሎኝ ነበር። ቦታ አይበቃም አልኩት።

አባንግ ኡቻን የሚባል ልጅ ነበራት። ከሱ ሌላ አልነበራትም። ባሮ በሞላበት ክረምት ልብስ ለማጠብ ከወረዱት ጋር ወርዶ ወንዙ ወሰደው። አስከሬኑን አልመለሰውም። ፎቶግራፍ ተነሥቶ አያውቅም። በሚቀጥለው በጋ አባንግ መጥታ ሳንቃ ስጪኝ አለችኝ። ከተሰበረ መርከብ የቀረ፣ እንደ በር የሚሰፋ፣ ምስጥ የማይደፍረው አንድ ሳንቃ ነበረኝ፤ ሰጠኋት። ያንን ልጅ በእኔ ማንደጃ ላይ፣ በራሷ እጅ፣ ሙጫውን ሳትሰስት ሠራችው። አንገቱ ላይ ያደርጋት የነበረችውን አንዲት ሰማያዊ ዶቃ ለመሥራት ነጭ ልብስ የሚያነጡበትን ሰማያዊ ዱቄት ከአቶ ነጂብ ሱቅ ገዛች። አቶ ነጂብ ያስታውሳል። ስትጨርስ ልጁ ሊናገረኝ የተዘጋጀ መሰለኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራ እንዲህ ያለ ፊት ሠርቼ አላውቅም። ጥሩ ነው አልኳት። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም።

ክልሉ ከተቋቋመ በኋላ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ። አዳራሻቸው ሊመረቅ ነው፤ የክልሉ ሕዝቦች በአንድነት በወንዙ ዳር ቆመው የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ይፈልጋሉ፤ ስሜም በምረቃው ላይ ይጠራል። ትልቅ ሳንቃ አልነበረኝም፤ አባንግ እኔ ዘንድ ካስቀመጠችው ከኡቻን ሳንቃ በቀር። አባንግ ያን ጊዜ የታመመች እኅቷን ለማስታመም ፑኝዶ ሄዳለች። ሙጫም አልነበረኝም፤ የምታመጣው እሷ ናትና። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በልጁ ላይ ሥዬ ሰዎቹን አቆምኩበት፣ ቡናማ ወንዝ አፈሰስኩበት፣ ጥጉ ላይ ስሜን ጫርኩ፣ ሰጠኋቸው።

ሥዕሉ ምረቃው ሳይደርስ ማላብ ጀመረ። የሕዝቦቹ እግር ወንዙ ውስጥ ወረደ። በትሕትና ጠቅልለው መለሱልኝ። አባንግ ከፑኝዶ ስትመለስ ሳንቃው ፊቱን አዙሮ ግድግዳዬ ላይ ቆሞ አገኘችው። ገልብጣ አየችው።

«አቅልጠሽ ፋቅሽው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ወጥታ ሄደች። ይህ ካቻምና ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ አባንግ እንድታየኝ ለመንኩ፤ አየችኝ። ሳንቃውንና የሥራ ዕቃዬን ሁሉ፣ ካውያውን፣ ጣሳዎቹን፣ የቀለም ድንጋዮቹን፣ ለአባንግ አውርሻለሁ ብዬ ለአቶ መልአኩ ነገርኩት። አቶ መልአኩ ብዕሩን አስቀመጠ። ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው ምንም ሊያገኝ እንደማይችል፣ ሕጉ እንዲህ እንደሆነ ተናገረ። ወይ ትመሰክራለች ወይ ትወርሳለች አለ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ የጠራኋት ሁለቱንም እንድትሆን ነበር። እንግዲያው ከምስክሮቹ ወንበር ተነሺልኝ፣ ሌላ ሰው ይጠራል አልኳት።

አባንግ አልተነሣችም። «እኔ ያንን ሥዕል በቤቴ አልፈልግም» አለች። «ያ መሥሪያ ቤት የመለሰብሽ ነው። ምን ላደርገው?»

ያን ጊዜ ያልነገርኳትን ነገርኳት። አልፋቅኩትም። ኡቻን ከሥሩ አለ።

ይህ ደግነት እንዳይመስላችሁ። ያልፋቅኩት ራርቼ አይደለም፤ ለምረቃው ጊዜ ስላጠረኝ ነው። ካውያም አላሳለፍኩበትም፤ እሱም ከችኮላ የተነሣ ነው። ስለዚህ የላይኛው ሥዕል በሥረኛው ላይ ተኛ እንጂ አልተዋሐደም። የላይኛው ሙጫ የለውም፤ ፀሐይ ያለሰልሰዋል። የሥረኛው ሙጫ የጠገበ ነው፤ ፀሐይ አይነካውም። ሳንቃው ተመልሶ ሲመጣ በጠርዙ በኩል በጥፍሬ ሞክሬዋለሁ፤ ላዩ እንደ ቅቤ ተነሣ፣ ሥሩ እንደ ድንጋይ ሆነብኝ።

«ታውቂ ነበር» አለች አባንግ።

«አውቅ ነበር።»

«በየቀኑ ውኃ ልቀዳ በደጅሽ ሳልፍ ታውቂ ነበር።»

አዎ አልኳት። ቤርሳቤ፣ «እማዬ፣ ለምን?» አለችኝ። ልጄ እንዲህ ባለ ድምፅ ጠይቃኝ ስለማታውቅ እውነቱን መለስኩላት። መጀመሪያ የፈራሁት ሲጠረግ ልጁ ተበላሽቶ ቢገኝ ብዬ ነበር። በኋላ ግን የፈራሁት ሳይበላሽ ቢገኝ ነው። ያ ፊት ከወጣ ከእኔና ከእሷ ማን ሠዓሊ እንደሆነ ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። የሞተ ልጅን ከእናቱ የደበቅኩት ለዚህ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

አባንግ ተነሥታ ወደ ግድግዳው ሄደች፤ ሳንቃውን አነሣች። አቶ መልአኩ፣ «እናቴ፣ ኑዛዜ የሚጸናው ተናዛዡ ካረፈ በኋላ ነው፤ አሁን መውሰድ አይቻልም» አላት።

«የራሴን ነገር ከሰው አልወርስም» አለች። «ልጄ የእሷ ዕቃ አይደለም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እስክትሞቺ አልጠብቅም።»

አቶ መልአኩ ምን ብዬ ልጻፍ አለኝ። ያለችውን ጻፍ አልኩት።

ስለዚህ ከዚህ በላይ ለአባንግ አወረስኩ ያልኩት ይሰረዝ። በቦታው የሚከተለው ይጻፍ፦ ከመርከብ የቀረው ሳንቃና በላዩ ያለው የልጅ ሥዕል ከውርስ ንብረቴ ውስጥ አይቆጠርም። ሥዕሉ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ የአባንግ ነው። የሠራችው እሷ ናት። የተሣለው ልጅ ኡቻን ይባላል። እኔ ሰጠኋት የሚል ቃል በዚህ ወረቀት ውስጥ አይግባ።

ሳንቃውን ግቢው ውስጥ፣ ቆርቆሮ ላይ፣ ፀሐዩ በቀጥታ በሚያርፍበት አጋደመችው። ከአልጋዬ በበሩ በኩል ጀርባዋን ብቻ አያለሁ። ካውያ እንዳታስነኪው፣ ፀሐዩ ይበቃዋል ብዬ ጮህኩ። «አውቃለሁ» አለች ሳትዞር። እርግጥ ታውቃለች። ነጠላዋን ቀድዳ በጨርቁ ትጠርግ ጀመር፣ ቀስ ብላ፣ የልጅ ፊት እንደሚጠረግ።

እኔ ኑዛዜዬን ቀጠልኩ፤ ሌላ የምሠራው አልነበረኝም። ካውያውን ለቤርሳቤ አውርሻለሁ፤ ልብስ ይተኮስበት፣ የተሠራው ለዚያ ነው። ጣሳዎቹና ድንጋዮቹ መማር ለሚፈልግ ሰው ይሰጡ፤ ማንም ይሁን፣ ብሩሹን ግን በመጀመሪያው ቀን ይያዝ። የሙጫው ልክ ከላይ ተጽፏል፤ የሚጠይቅ ሁሉ ይነገረው፤ ከማን እንደመጣም ይነገረው። ስሜ የተጫረባቸው ሥዕሎች በየሰዉ ቤት አሉ። ማን የትኛውን ፊት እንደሠራ አባንግ ታውቃለች። የእኔ ቃልና የእሷ ቃል ቢለያይ የእሷ ይታመን።

አቶ ነጂብ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። የምስክርነቱን ወንበር እንዳይለቅ ብለን አንድ እግሩን ውስጥ አስቀርተነዋል። ምን ታያለህ አልኩት።

«መጀመሪያ የጠፋው ስምሽ ነው፣ እትዬ» አለኝ፤ አፍሮ። «ጥጉ ላይ ስለሆነ ነው።»

ይሁን አልኩ። ቀጥሎ ሰዎቹ አንድ በአንድ እንደወጡ ነገረኝ፤ ቀጥሎ ወንዙ። ከዚያ አንገቱን ወደ ግቢው አሰገገ። ቤርሳቤ እጄን ያዘችኝ። በላይኛው ሥዕል ላይ ሰማያዊ የሚባል ቀለም የለም። ባሮን እንዳለ አድርጌ በቡናማ ነበር የሠራሁት፣ ሰማዩንም አቧራማ። ይህን አቶ ነጂብ ያውቃል፤ ዱቄቱን የሸጠው እሱ ነው።

«ሰማያዊ ወጣ» አለ።

አባንግ መጥረጓን አላቆመችም። ኛኳች ውኃ ይዛላት ሄደች፤ ተመልሳ ስትመጣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች ነበር። ምን እንዳየች አልጠየቅኳትም።

በመጨረሻ አባንግ ሳንቃውን በቀረው ነጠላዋ ሸፍና ይዛ ገባች። ፊቱን ወደ ራሷ አዙራ ደረቷ ላይ አስደግፋው ቆመች።

«ፊቱ አለ?» አልኳት።

«አለ።»

«አሳዪኝ።»

«አንቺ አይተሽዋል» አለች፤ ሳንቃውንም አላዞረችም።

ልክ ናት። ሳይሸፈን አይቼዋለሁ።

የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ግን ወደ ምስክሮቹ ወንበር ተመልሳ ተቀመጠች፣ ሳንቃው ጉልበቷ ላይ። አቶ መልአኩ ከመሰከርሽ ዕቃ የሚባል ከዚህ ኑዛዜ አታገኚም ብሎ ደግሞ አስረዳት። «ይህ ወረቀት ምንም እንዲሰጠኝ አልፈልግም» አለችው። «መምህር ፑዎክ ያንብብልኝ። የልጄ ስም የት እንደተጻፈ በጣቱ ያሳየኝ። የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ የሚለውንም። ከዚያ እፈርማለሁ።» መምህር ፑዎክ አነበበላት፤ ቦታዎቹን አሳያት። ጣቷን በየስሙ ላይ አሳርፋ አነሣች።

ይቅርታ አልጠየቅኳትም። የሚሞት ሰው ሲጠይቅ እምቢ አይባልም ብዬ ከላይ ተናግሬያለሁ፤ በዚያ ላስገድዳት አልፈለግኩም። ይህን ብቻ ነው ዛሬ ደህና ያደረግኩት።

ከዚህ በፊት ሌላ ኑዛዜ አላደረግኩም፤ አለ የሚባል ቢመጣ በዚህ ተሽሯል። ቃሌ በአራቱ ምስክሮች ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ ከዚያም ቀስ ብዬ፣ ፊደሉን እየቆጠርኩ፣ በራሴ ዓይን አንብቤዋለሁ። የተቀነሰ የለም። ስሜን የምጽፈው የእኔ በሆነ ነገር ላይ ነው።

ደመቀች ፍሬሰንበት (በእጇ የተጻፈ)

እኛ ከዚህ በታች የፈረምነው ተናዛዧ ይህን ቃል በሙሉ አእምሮ ስትሰጥ ሰምተናል፤ ሲነበብም አብረን ነበርን።

መምህር ፑዎክ — ፊርማ
አቶ ነጂብ — ፊርማ
ወይዘሮ ኛኳች — የአውራ ጣት አሻራ
ወይዘሮ አባንግ — የአውራ ጣት አሻራ

ጸሐፊው መልአኩ፦ የአራተኛዋ ምስክር አሻራ በመጀመሪያ ሲነሣ አልታተመም፤ ጣቷ ላይ ሰም ነበረ። እንድትታጠብ ውኃ ቀረበላት፤ አልታጠብም አለች። ከላይ የሚታየው ሁለተኛው አሻራ ነው። የእኔ የአሻራ ቀለም ሐምራዊ ነው፤ በጠርዙ ላይ ያለው ሰማያዊ ከጣቷ የመጣ ስለሆነ እንደ ስርዝ ድልዝ እንዳይቆጠር።